ለቆየው ቲንክፓድ አዲስ ባዮስ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ቲንክፓድ ኤክስ 230 አለኝ። የዋይፋይ ካርዱን በተሻለ ስቀይረው 1802 የሚል የስህተት ቁጥር አውጥቶ አልነሳም አለ። የፋብሪካውን ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም) የሚተካውን ኮርቡት የተባለ ነፃ ፕሮግራም ብትጭንበት ይፈታል ይሉኛል። እውነት ነው? ምን ምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ እውነት ነው። የፋብሪካው ባዮስ የሚቀበላቸው የዋይፋይ ካርዶች ዝርዝር አለው፤ ከዚያ ውጪ የሆነ ካርድ ሲያይ 1802 ብሎ ይቆማል። ኮርቡት እንዲህ ያለ ዝርዝር የለውም። የባትሪው ነገር ግን ሌላ ነው። ኦሪጅናል ያልሆነ ባትሪ ቻርጅ አላደርግም የሚለው ኢምቤድድ ኮንትሮለር የተባለው ሌላ ቺፕ ስለሆነ ኮርቡት አይነካውም። የእሱን ፈርምዌር (ቺፑ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም) ማደስ ከፈለጉ የፋብሪካው ባዮስ እያለ ይጨርሱት፤ የሌኖቮ ማደሻ ከኮርቡት በኋላ አይሠራልዎትም።

የሚያስፈልገው ሲኤች 341ኤ የሚባለው የዩኤስቢ ፕሮግራመር (ቺፕ ማንበቢያና መጻፊያ መሣሪያ)፣ ባለ 8 እግር ቺፕ የሚቆነጥጥ ክሊፕ፣ ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ ቴስተር፣ እንዲሁም ሊኑክስና ፍላሽሮም (ፕሮግራመሩን የሚያዝዘው ፕሮግራም) ያለበት ሌላ ኮምፒውተር ነው። ቴስተሩን እንደ ትርፍ ዕቃ አይዩት። ርካሹ ጥቁር ሲኤች 341ኤ ለቺፑ ኃይል 3.3 ቮልት ቢሰጥም በዳታ መስመሮቹ ላይ 5 ቮልት የሚያወጣበት ጊዜ አለ። ቺፖቹ ግን የ3.3 ቮልት ናቸው። ክሊፑን ከማሰርዎ በፊት የዳታ እግሮቹን ይለኩ፤ 5 ካሳየ ይተዉትና ራስፕቤሪ ፓይ የተባለውን ትንሽ ኮምፒውተር ይጠቀሙ፤ የእሱ እግሮች ከመነሻው በ3.3 ቮልት ነው የሚሠሩት።

ሥራው እንዲህ ነው። ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪውን ያውጡ። ከሥር ያሉትን የኪቦርድና የእጅ ማሳረፊያ ብሎኖች ይፍቱ። ኪቦርዱን ወደ ስክሪኑ ገፋ አድርገው ያንሱት፤ ሪባኑን (ጠፍጣፋ ገመዱን) በጉልበት አይሳቡ። የእጅ ማሳረፊያው ሲነሳ፣ ከጥቁሩ ፕላስቲክ ሥር ሁለት ቺፖች ጎን ለጎን ያገኛሉ። ለስክሪኑ የሚቀርበው 4 ሜጋባይት፣ ወደ እርስዎ ያለው 8 ሜጋባይት ነው። ባዮሱ የሚነሳው ከባለ 4ቱ ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን ብቻ ቢጽፉ ይበቃል። ባለ 8ቱ የኢንቴል ማኔጅመንት ኢንጂንን (ከዋናው ፕሮሰሰር ተለይቶ ራሱን ችሎ የሚሠራ የኢንቴል ሥርዓት) ፕሮግራምና የኔትወርክ ካርዱን አድራሻ ይዟል፤ ኢንጂኑን ማሳጠር ካልፈለጉ በቀር ለመጻፍ አይነካካም። ቢሆንም የሁለቱንም ቅጂ ይውሰዱ።

ብዙ ሰው የሚፈራው መጻፉን ነው። ሥራ የሚበላሸው ግን ንባቡ ላይ ነው። የክሊፑን ቀይ ሽቦ ቺፑ ላይ ነጥብ ካለበት ጥግ ጋር ያጋጥሙ። በፍላሽሮም ሁለት ጊዜ፣ ቢቻል ሦስት ጊዜ ያንብቡና የፋይሎቹን ቼክሰም (ከይዘታቸው የሚሰላ መለያ) ያስተያዩ። በአንዲት ፊደል እንኳ ከተለያየ አይጻፉ። አንዳንዴ ደግሞ ፋይሎቹ የሚመሳሰሉት ሁሉም ባዶ ስለሆኑ ነው፤ ከፍተው ይዩዋቸው። ፍላሽሮም ቺፑን ጨርሶ ካላገኘው በአብዛኛው ክሊፑ በደንብ አልነከሰም ወይም ሽቦው ረዝሟል። ከ20 ሴንቲሜትር በታች ያድርጉት፣ ክሊፑንም አንስተው እንደገና ያስቀምጡ። ሳይሳካ ቢቀር እንኳ ባትሪውን መልሶ ለማዘርቦርዱ ኃይል መስጠት አይሞከር፤ ፕሮግራመሩም ቺፑም ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ንባቡ ከተመሳሰለ ቅጂውን ሌላ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። ኮርቡትን ራስዎ መገንባት ካልፈለጉ ስከልስ የተባለው ፕሮጀክት ለኤክስ 230 የተዘጋጀ ፋይል አለው። ፋይሉ ልክ 4,194,304 ባይት መሆኑን አይተው ይጻፉ። ፍላሽሮም ጽፎ ሲጨርስ መልሶ አንብቦ «ትክክል ነው» እስኪል ክሊፑን አያንሱ።

ክሊፕ ሳይነካ በሶፍትዌር ብቻ የሚጫንበት መንገድም አለ፤ ግን ባይሳካ የሚያድንዎት ያው ክሊፕ ስለሆነ አስቀድመው ቢገዙት ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጽፌ ጨረስኩ፣ ፍላሽሮምም ትክክል ነው አለ። ስከፍተው መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ሞተ ማለት ነው?

መልስ፦ ገና ነው። ኮርቡት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሳ ራሙን ይለካል፤ እስከ አንድ ደቂቃ ይታገሱት። ካልተነሳ አንዱን ራም አውጥተው በአንዱ ብቻ ይሞክሩ፤ ቦታውንም ይቀያይሩ። ዓይነታቸው የተለያየ ሁለት ራሞች ፋብሪካው ባዮስ ላይ እየሠሩ እዚህ እምቢ ሊሉ ይችላሉ። ከዚያ የኪቦርዱ ሪባን በቦታው መሆኑን ይዩ። ሁሉም ካልሆነ የመጀመሪያውን ቅጂ ይመልሱበት። ያኔ ካልተነሳ ችግሩ ፋይሉ አይደለም፤ ክሊፑ ሲወጣ ቺፑ አጠገብ የተነካ ነገር አለ ወይ ብለው በማጉያ መስታወት ይፈትሹ።

ጥያቄ፦ እየጻፍኩ እያለ መብራት ቢጠፋስ?

መልስ፦ ላፕቶፑ ላይ የሚደርስ ጉዳት የለም፤ ቺፑ ላይ ግማሽ የተጻፈ ፋይል ይቀራል እንጂ። መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ይጻፉ። ፍላሽሮም የሚሠራበት ኮምፒውተር ባትሪው የሚይዝ ላፕቶፕ ቢሆን ግን ይህ ጥያቄ ራሱ አይነሳም።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ ይሠራበታል?

መልስ፦ ሊኑክስ ያለ ጣጣ ይሠራል። ለዊንዶውስ ብዙ ጊዜ የቪዲዮ ባዮስ (ስክሪኑን የሚያስነሳው ኮድ) ኮርቡት ውስጥ መኖር አለበት፤ ፋይልዎ ከሌለው ከመጀመሪያው ቅጂዎ አውጥቶ ማስገባት ይቻላል። ዊንዶውስ የግድ ከሆነብዎት የፋብሪካውን ባዮስ ባይነኩት ይመረጣል።