ከቀዶ ጥገና በፊት ክሬቲን ላቁም ወይ ላልከው ወንድም

ጥያቄህን አየሁት። ለቡአ ቀዶ ጥገና ቀጠሮ ይዘሃል። ጂም የሚሠሩ ልጆች ለጡንቻ የሚወስዱትን ክሬቲን የሚባል ዱቄትና ከስፖርት በፊት ለጉልበት የሚጠጣውን ፕሪወርካውት ትወስዳለህ። «ለሐኪም ልናገር ወይስ ዱቄት ምን አገባቸው?» ነው ያልከው። ከስር «ምንም አይልህም» ያሉህን ተዋቸው። እኔ እዚሁ ጅማ ለዚያው ለቡአ ተሠርቼ ወጥቻለሁ።

1. ለምርመራ ደም ከመስጠትህ በፊት ቢያንስ አንድ ሳምንት ጂም ገብተህ ብረት አታንሳ። ይህን ማንም አይነግርህም። ከባድ ስትሠራ ከጡንቻህ ኢንዛይም ወደ ደም ይገባል። ላቦራቶሪ «የጉበት» ብሎ የሚለካቸው ኤኤስቲና ኤኤልቲም ከጡንቻ ይወጣሉ። ጉበትህ ደህና ሆኖ ወረቀቱ ላይ ታማሚ ትሆናለህ።

2. ክሬቲኑን ለሐኪሙ ራሱ ተናገር። ክሬቲን ሰውነት ውስጥ ሲፈርስ ክሪያቲኒን ይሆናል። የኩላሊትን ሥራ የሚገምቱት ደግሞ በዚሁ በክሪያቲኒን ነው። ዱቄቱን የሚወስድ፣ በዚያ ላይ ጡንቻ ያለው ሰው ኩላሊቱ ምንም ሳይሆን ቁጥሩ ከፍ ሊል ይችላል። በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም የሚበቃውን ልጅ ሁሉ 20 ግራም እየጋተ «ሎዲንግ ላይ ነኝ» (ጡንቻዬን በክሬቲን እየሞላሁ ነው ማለቱ ነው) ሲል ነው የምሰማው፤ አንተም ከነሱ ከሆንክ ንገራቸው።

እኔን ያቃጠለኝ እዚህ ጋ ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «የሚወስዱት መድኃኒት?» አለች። ክሬቲን የሚባል ዱቄት እወስዳለሁ አልኳት። «እሱ ምግብ ነው፤ እኔ መድኃኒት ነው የጠየቅኩህ» ብላ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ጻፊው ብላት «ወንድም፣ ሰልፍ አለ» አለችኝ። ውጤቱ መጣ። ሐኪሙ ወረቀቱን አየና ኩላሊትህም ጉበትህም ልክ አይደለም፣ ቀዶ ጥገናው ይቆይ አለ። ምን ትሠራለህ፣ ምን ትወስዳለህ የሚል ጥያቄ የለም። እናቴ አጠገቤ ነበረች። ኩላሊት የሚል ቃል የሰማች እናት ምን እንደምትሆን ታውቃለህ። ከኮቺ እስከ ሄርማታ መርካቶ ያለ ዘመድ ሁሉ ሊጠይቀኝ ጎረፈ። አልትራሳውንድ፣ ሽንት፣ እንደገና ደም፤ ሁሉም ከኪሴ። አልትራሳውንዱም ሽንቱም ንጹሕ፣ ደሙ ግን ያው።

ነገሩን የፈታው ሌላ ቦታ ያገኘሁት የማደንዘዣ ባለሙያ ነው። ትከሻዬን አየና «ጂም ትሠራለህ እንዴ?» አለኝ። እኔም ከካርድ ክፍሏ በኋላ ነቅቻለሁ፤ ዕቃዎቹን በሙሉ በፌስታል ይዤ ነበር የሄድኩት። አንድ በአንድ እያዞረ ጀርባቸውን አነበበ። ክሬቲኑን አቁም፣ ብረቱንም ተው፣ ከዚያ ምርመራው ይደገም አለ። ሲደገም ቁጥሮቹ ወርደው ቁጭ። (ባይወርዱ ኖሮ እውነትም ችግር አለ ማለት ነበር፤ አንተም ሳታስደግም «ክሬቲኑ ነው» ብለህ እንዳትዘናጋ።) አዲሱን ወረቀት ይዤ ያቺ ካርድ ክፍል ሄጄ አሳየኋት። «እና?» አለችኝ። ምን ትላለህ!

3. ምን ልል ነበር... አዎ፣ ማደንዘዣው። ቡአን ብዙ ጊዜ ወገብህን ወግተው ከታች አደንዝዘው ይሠሩታል። ሙሉ በሙሉ ካስተኙህ ግን ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት ሊሰጡህ ይችላሉ። ሱክሳሜቶኒየም የሚባለው መጀመሪያ ጡንቻህን ለጥቂት ሰከንዶች ያንቀጠቅጣል፣ ከዚያ ያዝለዋል። በማግስቱ ብረት ስታነሳ የዋልክ ይመስል አንገትና ትከሻህን ሊያምህ ይችላል። ያልፋል፣ አትደንግጥ። ከቤተሰብህ ማደንዘዣ ላይ ሰውነቱ የነደደና የደረቀ ሰው ካለ ግን ሳትጠየቅ ተናገር፤ በዘር የሚመጣ ነው፣ ይገድላል።

ፕሪወርካውት ማለት በአብዛኛው ካፌይን ነው። በአንድ ስኩፕ (መለኪያ ማንኪያው) 300 ሚሊግራም ያለው አለ። የልብ ምትና ግፊት ያንራል። ጫትም ያው ነው። ጅማ ተቀምጠን አንዋሽ፦ ማታ ሲቅሙ አድሮ ጠዋት «አልፎ አልፎ» ማለት ራስን ማታለል ነው። የማደንዘዣው ሰው ፖሊስ አይደለም፣ ግፊትህን የሚጠብቅልህ ነው። ቡናም ላይ ልብ በል። በቀን ሦስት ሲኒ የለመደ ሰው በባዶ ሆዱ ሲውል ራሱን ይፈልጠዋል። ነርሷን ቀድመህ ንገራት፤ ያለዚያ የወገብ መርፌው ነው ብለህ ትጨነቃለህ።

አሁን ደግሞ ከልቤ የምቆጣበት። እዚሁ ከተማ ቶሎ ለመወፈር ዴክሳሜታዞን የሚባል የስቴሮይድ መድኃኒት እየገዙ የሚውጡ ልጆች አሉ። ፊታቸው ሲያብጥ ጡንቻ መሰላቸው። መድኃኒቱ ሲቆይ የጭን ጡንቻ ነው የሚበላው። ከ3 ሳምንት በላይ ከተወሰደ ደግሞ ሰውነት የራሱን ሆርሞን መሥራት ሊተው ይችላል፤ ቀዶ ጥገና ላይ ግፊት ድንገት ይወርዳል። ጓደኛህ «ቫይታሚን ነው» ብሎ የሰጠህ ክኒን ካለ ስሙን አንብብ። ዴክሳ ከሆነ በገዛ ፈቃድህ በአንዴ እንዳታቆም፤ ለማደንዘዣው ሰው ንገረው፣ እሱ ያውቅበታል።

አንተም እንደኔ የምትወስደውን ሁሉ በፌስታል ይዘህ ሂድ፤ የሕመም ማስታገሻዎቹ ዲክሎፌናክና አስፕሪን ደም የመርጋት አቅምን ስለሚቀንሱ እነሱንም ጨምር። ነጭ ሽንኩርት በእንክብል የምትወስድ ከሆነ 2 ሳምንት ቀድመህ አቁም። ፕሮቲን ሼክ እንደ ውሃ አይታይም፤ እንደ ወተት ይቆጠራል፣ ከማደንዘዣው ቢያንስ 6 ሰዓት ቀድመህ ማቆም አለብህ። ከዚያ በላይ ጹም ካሉህ የነሱን ስማ።

ቀጠሮህ ሳይደርስ ማደንዘዣ ክፍል ራሱ ሂድ። ካርድ ክፍል ላይ ተናግሬያለሁ ብለህ እንዳትተማመን። ያልገባህ ካለ እዚሁ ጻፍልኝ፤ ቀን ሱቅ ላይ ስለሆንኩ ማታ እመልስልሃለሁ።