«አግባባኝ» ወይስ «ዘመቻ ከፈተብኝ»?

ከአዘዞ የጻፉልን አንባቢ እንዲህ ይጠይቃሉ፦ «ዛሬ ዛሬ ሻጭ ዕቃውን ሲያወድስም፣ ጓደኛ ምሳ ጋብዘኝ ብሎ ሲያባብልም ‘ሥነ ልቦናዊ ዘመቻ ከፈተብኝ’ ይባላል። አነጋገሩ ልክ ነው? ወታደሩና ሻጩ የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው?»

አንድ አይደለም። ነገሩ እኔንም ለዓመታት ሲያንገበግበኝ የኖረ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ባለፈው ወር እዚሁ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አንድ ጋቢ ሻጭ ጫፉን በጣቴ አስይዞ «አባባ፣ ማጉን ይዳስሱት፤ የእጅ ፈትል ነው» አለኝ። አልገዛም ብዬ ስሄድ ተከትሎኝ ዋጋውን ቀነሰ፤ እምቢ ስለው «በሰላም ይግቡ» ብሎ ተመለሰ። ይህ ማግባባት ነው። ግሱ ገባ፣ ተግባባ፣ አግባባ እያለ ይወርዳል፤ «ገባኝ» ስንል ነገሩ ወደ ውስጣችን ዘለቀ ማለታችን ሲሆን፣ «አግባባ» ላይ ግን መግባቱ የሁለቱም ወገን ነው። ማታ ብርዱ ሲጠና ጋቢው ትዝ አለኝና በሳምንቱ ሄጄ ገዛሁት። «አሳመነኝ» ማለት የምችለው ያን ጊዜ ነው። «አስ» አመነ ላይ ሲጨመር አድራጊ ይጨምራል እንጂ አማኙን ከባለቤትነቱ አያወርደውም፤ የማምነው እኔው ነኝ።

ወታደራዊው ሥነ ልቦናዊ ዘመቻ ሌላ ነው። በትእዛዝ ይታቀዳል፤ ዒላማ የሚሆነው ሕዝብ ወይም ሠራዊት ፍርሃቱና ቅሬታው አስቀድሞ ይጠናል፤ ውጤቱም ስንት ሰው ምሽጉን ለቀቀ፣ ስንት ሰው እጁን ሰጠ ተብሎ ይለካል። ተናጋሪው ማንነቱን ሊሰውር፣ አልፎም የጠላት ወገን መስሎ ሊናገር ይችላል። ከሚበትነው በራሪ ወረቀት ጀርባ ደግሞ መድፍ አለ። «በሰላም ይግቡ» የሚል የለም።

ለዚህ ሥራ እኔ የምወደው ስም «ወኔ ሰለባ» ነው። ሰለበ በግእዝ ገፈፈ ነው፤ ሰለባም ከወደቀ ጠላት ላይ የሚገፈፍ ምርኮ ነበር። ጋዜጦች «የአደጋው ሰለባ» ሲሉ የምርኮው ስም ወደ ተገፋፊው ሰው ዞሯል። «ወኔውን ሰለበው» ሲባል ሰውየው ተሳቢ ብቻ ነው፤ አያምንም፣ አይግባባም፣ ይገፈፋል። ሰዋስዉ ራሱ ልዩነቱን ይናገራል።

አንድ ወገን ግን «ሁሉም ያው ፕሮፓጋንዳ ነው» እያለ ይሟገታል። ቃሉ የላቲን ነው፤ ሥሩም የወይን ቅርንጫፍ ወደ አፈር አጎንብሶ ሥር እያስያዙ ማባዛትን የሚናገር የአትክልተኛ ቃል ነበር። ለአደባባይ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1622 በሮም የተቋቋመው፣ ቃሉን በስሙ የያዘው የካቶሊክ የእምነት ማስፋፊያ ጉባኤ ነው። በዚያው ዘመን አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክነትን ተቀበሉ፤ ልጃቸው ፋሲል ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ ሰባኪዎች አባርረው ጎንደርን ቆረቆሩ። እንግዲህ ቃሉ ከሰበካ እንጂ ከጦር ሜዳ አልተወለደም፤ ሁሉን አንድ ላይ የሚጠቀልል ስም ደግሞ ጋቢ ሻጩን ከመድፈኛው ጋር ያስተካክላል።

ሐቁን ለመናገር «ወኔ ሰለባ» ላይም የሚነሣ ክርክር አለ። ጣሊያን በወረረን ጊዜ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ከአየር በትኗል፤ ያ በእርግጥ ወኔ ለመስለብ ነበር። በ1940 እ.ኤ.አ. ግን ካርቱም ላይ በእንግሊዝ ጦር ውስጥ የነበረው የጋዜጠኛው የጆርጅ ስቲር የፕሮፓጋንዳ ክፍል «ባንዲራችን» የተባለ ጋዜጣና በራሪ ወረቀት እያዘጋጀ ለጣሊያን ያደሩትን የአገራችንን ወታደሮች ወደ ንጉሣቸው ይጠራ ነበር። ይህ መስለብ ነው ወይስ ወኔ መመለስ? ሁለቱም ነው፤ ከጣሊያን እየሰለበ ለአገር ይመልሳል። የሰጠሁት ስም ግማሹን ብቻ ይሸፍናል፤ እኔ ግን አሁንም እወደዋለሁ። ስያሜው ባለቤቶቹንም ያስቸግራል፤ የአሜሪካ ጦር «ሥነ ልቦናዊ ዘመቻ» የሚለውን ስሙን እ.ኤ.አ. በ2010 «ወታደራዊ የመረጃ ድጋፍ ዘመቻ» ወደሚል ለውጦት ነበር።

«ሥነ ልቦናዊ ዘመቻ» የሚለውን በተመለከተ፣ ሥን በግእዝ ውበት ነው፣ ልቡናም ማስተዋል፤ የማስተዋል ውበት በሰው ላይ ሲዘምት ይታይዎት! ሆኖም መጻሕፍቱም ሬዲዮውም ተቀብለውታል፤ እኔ ብቻዬን አልመልሰውም። ለወታደሩ ይጻፉት። «ልቦና» ማለትም ለምዷል፤ እኔ «ልቡና» እያልሁ እቀጥላለሁ። ለሻጩና ለጓደኛዎ ግን «አግባባኝ»፣ «አባበለኝ»፣ ከዋሸዎትም «አታለለኝ» ይበሉ።