የፖስታ አድራሻዎ አውሮራ ይላል፤ የግንባታ ኮድዎ ግን የማን ነው?

ጥያቄ፦ ከቨርጂኒያ፣ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ኮሎራዶ ከመጣን ሁለት ዓመታችን ነው። አሁን አውሮራ የሚል አድራሻ ያለው ቤት አግኝተን የግዢ ውል ፈርመናል። ቤዝመንቱ (ከምድር በታች ያለው ፎቅ) ባዶ ነው። ሁለት መኝታ ክፍል ሠርቼ አንዱን ለእናቴ፣ አንዱን ለኪራይ አስቤያለሁ። ጓደኛዬ ሌላ ከተማ ተመሳሳይ ሥራ ሲያሠራ የተጠየቀው ነገር እኔ ከሰማሁት ይለያል። ደላላዋ «እዚህ አገር እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ሕግ አለው» አለችኝ። ቨርጂኒያ እንዲህ አልነበረም። ስቴቱ ለምን አንድ ኮድ አያወጣም? እኔስ የማንን ልከተል? ደግሞ ኮድ ለመቀየር የሕዝብ ስብሰባ ተጠርቷል ሲባል ሰምቻለሁ። ሄጄ ብናገር ዋጋ አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቤቱን የደስታ ያድርግላችሁ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ አስቸኳይ ነገር አለ። ውልዎን አውጥተው የቀኖቹን ሰንጠረዥ ይዩ። በቤት ፍተሻ ላይ ተቃውሞ የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን እዚያ ተጽፏል። ያ ቀን ካለፈ በኋላ «ቤዝመንቱ እንዳሰብኩት አይሠራም» ብሎ ከውሉ መውጣት ከባድ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግርዎትን ማጣራት ከዚያ ቀን በፊት ይጨርሱ።

ደላላዋ እውነቷን ነው። ኮሎራዶ ለሁሉም ቤት የሚሠራ አንድ የስቴት የግንባታ ኮድ፣ ማለትም ቤት እንዴት መሠራት እንዳለበት የሚደነግግ ሕግ፣ የላትም። ከተማው በራሱ ድንበር ውስጥ ላለው ያወጣል። ከከተማ ውጭ ላለው መሬት ካውንቲው (ከስቴቱ በታች ያለው የአካባቢ አስተዳደር) ያወጣል። ብዙዎቹ መነሻ የሚያደርጉት በየሦስት ዓመቱ የሚታደሰውን ዓለም አቀፍ የሚባለውን የኮድ ስብስብ ነው። ግን አንዱ ከተማ የ2018ን፣ ጎረቤቱ የ2021ን እትም ሊይዝ ይችላል። በዚያ ላይ እያንዳንዱ የራሱን ማሻሻያ ይጨምርበታል። የእርስዎና የጓደኛዎ ልዩነት የመጣው ከዚህ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። አድራሻዎ «አውሮራ» ስላለ ቤቱ አውሮራ ከተማ ውስጥ ነው ማለት አይደለም። የከተማውን ስም የሚሰጠው ፖስታ ቤቱ ነው። አውሮራ ራሷ በሦስት ካውንቲዎች ላይ የተዘረጋች ናት፦ አራፓሆ፣ አዳምስና ዳግላስ። አራፓሆ ካውንቲ ውስጥ ከየትኛውም ከተማ ውጭ ሆነው አውሮራ የሚል አድራሻ የያዙ ቤቶች አሉ። በ2001 ከተማ የሆነችው የሴንቴኒያል ነዋሪዎችም አንዳንዶቹ ደብዳቤያቸው በአውሮራ፣ በኢንግልውድ ወይም በሊትልተን ስም ነው የሚመጣው። ስለዚህ የቤቱን አድራሻ በካውንቲው የንብረት ገማች ድረ ገጽ ላይ ያስገቡ። ግብሩ ለየትኛው ከተማ እንደሚከፈል ያሳያል። ግብር የሚበላው ከተማ ነው ፐርሚት (የግንባታ ፈቃድ) የሚሰጥዎት። ዝርዝሩ ውስጥ ከተማ ከሌለ ካውንቲው ነው።

ቨርጂኒያ የለመዱት ሌላ ነው። እዚያ ከ1973 ጀምሮ አንድ የስቴት ኮድ የአካባቢዎቹን ኮዶች ተክቷል። አሌክሳንድሪያም ሆነ ፌርፋክስ ኮዱን ያስፈጽማሉ እንጂ የራሳቸውን አይጽፉም። ማጥበቅም ማላላትም አይችሉም።

«ስቴቱ ለምን አያወጣም?» ላሉት፣ የአካባቢ መንግሥታቱን ክርክር በደንብ መስማት ያስፈልጋል። ግትርነት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ መብት ነው። በ1902 በኮሎራዶ ሕገ መንግሥት ላይ የተጨመረው 20ኛው አንቀጽ ቻርተር (የራሳቸው መተዳደሪያ ሕግ) ላላቸው ከተሞች የራሳቸውን ጉዳይ በራሳቸው የመወሰን ሥልጣን ይሰጣል። ከተሞቹ ይህን ሥልጣን በዋዛ አይለቁትም። አውሮራን ጨምሮ ስድስት ከተሞች፣ ስቴቱ በ2024 ባወጣቸው የቤትና የፓርኪንግ ሕጎች ምክንያት የስቴቱን አስተዳዳሪ በ2025 ፍርድ ቤት አቁመዋል። ክሱ ስለ ግንባታ ኮድ አይደለም፤ ሙግቱ ግን ያው ነው፦ «በእኛ መሬት ላይ ማን ነው የሚወስነው?»

ሁለተኛው ክርክር መሬቱ ራሱ ነው። እኔን በጣም የሚያሳምነኝ ይሄ ነው። ተራራ ላይ ያለ ከተማ ጣሪያው የበረዶ ክብደት መሸከም አለበት። የምሥራቁ ሜዳ ጭንቀቱ ነፋስና የበረዶ ድንጋይ ነው። እኛ የምንኖርበት የተራራው ግርጌ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ ሸክላ አፈር አለው። የእርስዎን ቤዝመንት በቀጥታ የሚነካው እሱ ነው። አፈሩ ሲያብጥ የቤዝመንቱን ወለል ወደ ላይ ይገፋዋል። ግድግዳው ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ከተሠራ ግፊቱ ወደ ላይኛው ፎቅ ይሄዳል፤ በሮች አይዘጉም፣ ግድግዳ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው እዚህ አካባቢ ብዙ ቦታ የቤዝመንት ግድግዳ ከላይ ተንጠልጥሎ፣ ከታች ክፍተት ተትቶለት እንዲሠራ የሚጠየቀው። ከቨርጂኒያ የመጣ ሠራተኛ ይህን ላያውቅ ይችላል። ይጠይቁት።

ሦስተኛው ገንዘብና ሰው ነው። ትንሽ ካውንቲ ኢንስፔክተር የሚቀጥርበት በጀት የለውም። ዴልታ ካውንቲ ለምሳሌ ለብዙ ዓመታት ያለ ግንባታ ኮድ ነው የኖረው። እንዲህ ያለ ቦታ «ኮድ አውጡ» ብሎ ማዘዝ ቀላል ነው፤ ማን ይፈትሻል የሚለው ግን መልስ ይፈልጋል። የቤት ዋጋ ይንራል የሚለውም ስጋት አለ።

በሌላ በኩል እሳት የከተማ ድንበር አያውቅም። ዲሴምበር 30፣ 2021 የተነሳው የማርሻል እሳት በሉዊቪል፣ በሱፒሪየርና በቦልደር ካውንቲ ከ1,000 በላይ ቤቶችን በአንድ ቀን ወሰደ። ሉዊቪል ከዚያ ጥቂት ቀደም ብላ ጠበቅ ያለ የኢነርጂ ኮድ (ቤት ኃይል እንዲቆጥብ ሆኖ እንዲሠራ የሚያዝ) አጽድቃ ነበር። ቤታቸው የተቃጠለባቸው ሰዎች የኢንሹራንስ ገንዘባቸው ለመልሶ ግንባታው እንደማይበቃ ሲናገሩ፣ ካውንስሉ (የከተማው ምክር ቤት) በ2022 በቀድሞው ኮድ እንዲሠሩ ፈቀደላቸው። ይህን ሳስብ ለሁለቱም ወገን አዝናለሁ። ጥብቅ ኮድ ቤት ያድናል፤ ወጪው ግን አንገት ላይ ይቆማል። ካውንስሉ ሰዎቹን ፊት ለፊት ስላየ ነው እንደዚያ የወሰነው።

ስቴቱም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። አንድ ሙሉ ኮድ ከማውጣት ይልቅ በየቁራጩ ነው የገባው። የኤሌክትሪክና የቧንቧ ሥራ በመላው ስቴት ሕግ አለው፤ ከተማው ወይም ካውንቲው ራሱ የማይፈትሽ ከሆነ የስቴቱ ኢንስፔክተር ይመጣል። በ2022 የወጣ ሕግ ደግሞ ኮዱን የሚያድስ ከተማ ወይም ካውንቲ ቢያንስ የ2021ን የኢነርጂ ኮድ አብሮ እንዲያጸድቅ ያስገድዳል። በ2023 ደግሞ ለሰደድ እሳት በተጋለጡ አካባቢዎች ዝቅተኛ መስፈርት የሚያወጣ ቦርድ ተቋቁሟል። እኔን ከጠየቁኝ፣ ለሕይወት ደኅንነት አንድ የጋራ ዝቅተኛ ወለል ቢኖር፣ በዚያ ላይ አካባቢው እንደ አፈሩና እንደ በረዶው ቢጨምር እደግፋለሁ። ግን ስቴቱ ለትናንሾቹ ካውንቲዎች የኢንስፔክተር ደመወዝ አብሮ ይላክ።

ወደ ቤዝመንትዎ እንመለስ። የመኝታ ክፍሉ ሰው በእሳት ጊዜ የሚወጣበት መስኮት ያስፈልገዋል። በመደበኛው የመኖሪያ ቤት ኮድ የመስኮቱ ክፍት ታችኛ ጠርዝ ከወለሉ ከ44 ኢንች መብለጥ የለበትም። ክፍተቱ ቢያንስ 20 ኢንች ስፋት፣ 24 ኢንች ቁመት ይኑረው። ሁለቱን ትንሹን ልክ ይዘው ግን እንዳይገዙ። ለጠቅላላው ክፍተትም የተለየ መስፈርት ስላለ 20 በ24 የሆነ መስኮት አያልፍም። መስኮት ለማስገባት ኮንክሪት መቁረጥ ሊያስፈልግ ነው፤ ዋጋውን ከአሁኑ ያስጠይቁ። እናትዎ ደረጃና መስኮት መውጣት የሚከብዳቸው ከሆነም አብረው ያስቡበት። የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠቆሚያ በስቴት ሕግ ከ2009 ጀምሮ ከመኝታ ክፍል መግቢያ በ15 ጫማ ውስጥ መሆን አለበት።

ኪራዩን በተመለከተ፣ ክፍል ማከራየትና የራሱ ኩሽና ያለው ሌላ ቤት መሥራት በሕግ ሁለት ነገር ናቸው። የ2024 የስቴት ሕግ ብዙ ከተሞች ከጁን 30፣ 2025 ጀምሮ በአንድ ቤተሰብ ግቢ ላይ አንድ ተጨማሪ መኖሪያ እንዲፈቅዱ አዟል። ቢሆንም ፐርሚት አይቀርም። ኩሽና ሊያስገቡ ካሰቡ ለፐርሚት ቢሮው ከመጀመሪያው ይንገሩ።

ሠራተኛውንም ያጣሩ። ኮሎራዶ አጠቃላይ ኮንትራክተርን በስቴት ደረጃ ፈቃድ አትሰጥም፤ ኤሌክትሪሻንና ቧንቧ ሠራተኛን ብቻ ነው። ዴንቨር ላይ ፈቃድ ያለው ሰው አውሮራ ላይ ላይኖረው ይችላል። «ፐርሚት አያስፈልግም፣ እኔ እጨርስልሃለሁ» ካለዎት ይተውት። አንድ ደንበኛዬ እንዲህ አሠርቶ፣ ቤቱን ሊሸጥ ሲል ገዢው ፐርሚቱን ጠየቀ። ያለቀ ግድግዳ ተከፍቶ ሽቦው እንደገና ተፈተሸ። ሽያጩም ፈረሰ።

ስብሰባው? ይሂዱ። ኮድ የሚጸድቀው ካፒቶል (የስቴቱ ምክር ቤት) ውስጥ ሳይሆን እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የእኛ ሰው ደግሞ እምብዛም አይታይም። የሚሰጥዎት ደቂቃ ጥቂት ነው፣ ብዙ ጊዜ ሦስት። ስለ ኮድ በጥቅሉ አይናገሩ። «እናቴን የማስገባበት ክፍል ነው፣ ይህ አዲስ መስፈርት ይህን ያህል ይጨምርብኛል» ብለው የኮንትራክተሩን የዋጋ ወረቀት ይዘው ይቁሙ። አስተርጓሚ ከፈለጉ ለከተማው ጸሐፊ ቢሮ ቀደም ብለው ይደውሉ። በዚያው ስልክ አንድ ጥያቄ ይጨምሩ፦ አዲሱ ኮድ ሥራ ላይ የሚውለው መቼ ነው፣ ከዚያ ቀን በፊት ተሟልቶ የገባ ማመልከቻስ በአሮጌው ኮድ ይታያል ወይ? «መልሱን በኢሜይል ይላኩልኝ» ይበሏቸው።