ለስክሪን የሚሆን መነጽር ለሁላችንም ልግዛ?

ጥያቄ፦ ሦስት ልጆቼ ማታ ማታ ከስልክና ከታብሌት አይለዩም። ትልቁ ዓይኑን ያሻል። መነጽር ቤት ስጠይቅ «ከስክሪን የሚወጣውን ሰማያዊ ብርሃን የሚከላከለው ለመላው ቤተሰብ ያስፈልጋል» አሉኝ። ልግዛ?

መልስ፦ እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢው። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው ግምገማ 17 ጥናቶችን አይቶ፣ እነዚህ መነጽሮች የዓይን ድካምን ከተራው መነጽር የበለጠ እንደማይቀንሱ ነው ያመለከተው። የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች አካዳሚም አይመክራቸውም። ዓይን የሚደክመው ስክሪን ላይ ስናፈጥ መርገብገብ ስለምንረሳና ስለሚደርቅ፣ ደግሞም ቅርብ ቅርቡን ለረጅም ሰዓት ስለምናይ ነው። ዛሬ ማታ ልጅሽን አጠገቡ ተቀምጠሽ እይው፤ ጨዋታው ሲጦፍ ዓይኑ ፍጥጥ ብሎ ይቀራል። በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር፣ በመስኮት የጎረቤት ቆርቆሮም ቢሆን፣ ለ20 ሴኮንድ ይይ። ስልኩን ከፊቱ ራቅ ያድርግ። ቀን ቀን ሦስቱም ውጭ ወጥተው ይጫወቱ፣ ይሄ ለልጅ ዓይን በጣም ይጠቅማል።

የማሸቱ ነገር ግን አሳስቦኛል። ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ይታየው እንደሆነ ጠይቂው። ዓይኑን አጥብቦ የሚያይ ከሆነ ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ይየው። ቁጥር ያለው መነጽር ከታዘዘለት እሱን ሳትሳሺ ግዢለት።