የአጋዘን ጭራ ፀጉር መንጠቆ ላይ ማሰር፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ወገኖች። ሜሪላንድ ከገባሁ ጀምሮ ቼሳፒክ ቤይ ዳር ዓሣ አጠምዳለሁ፤ ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ደግሞ ማባበያዬን የምሠራው ራሴ ነኝ። ባክቴይል የሚባለው ጭራው ነጭ የሆነው የአሜሪካ አጋዘን የጭራ ፀጉር ነው። የቀለጠ እርሳስ (ከባዱ ብረት) ከፈሰሰበት መንጠቆ አንገት ላይ በክር ሲታሰር ባክቴይል ጂግ ይሆናል። ብዙዎቻችሁ በተናጠል ስትጠይቁኝ ስለቆያችሁ ዛሬ ሻይ አፍልቼ ተቀምጫለሁ፤ የመጣውን ሁሉ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሱቁ በጎማ ዓሣ ተሞልቶ ሳለ በፀጉር መድከም ለምን አስፈለገ?

ፀጉሩ ውሃ ውስጥ ስለሚተነፍስ ነው። ስትስበው ይሰበሰባል፣ ስትተወው ይከፈታል። ጎማው እንዲንቀሳቀስ መጎተት አለብህ፤ ፀጉሩ ግን ቆሞም አያርፍም። ኅዳር ላይ ውሃው ቀዝቅዞ ዓሣው ለመሮጥ ሲሰንፍ ልዩነቱን በዓይንህ ታየዋለህ። ደግሞም ብሉፊሽ የጎማ ጭራ በአንድ ንክሻ ሲቆርጥ፣ በደንብ የታሰረ ባክቴይል ግን ብዙ ዓሣ አውጥቶ ለሚቀጥለው ቀን ይተርፋል።

ጥያቄ፦ ሦስት ሠራሁ፤ ሦስቱም ከሁለት ሦስት ውርወራ በኋላ ፀጉራቸው ረገፈ። ምን አጠፋሁ?

እኔንም ደርሶብኛል። መጀመሪያ ያሰርኩትን ጂግ ሳንዲ ፖይንት ላይ ሮክፊሽ ነከሰልኝ (እዚህ ስትራይፕድ ባስን ሮክፊሽ ነው የምንለው)፤ ጎትቼ ሳወጣው እጄ ላይ የቀረው ራቁቱን እርሳስ ነበር። ፀጉሩ በሙሉ ዓሣው አፍ ውስጥ ቀርቷል። ቤት ገብቼ የቀሩትን አንድ በአንድ ፈታኋቸው፤ ሁሉም ላይ ያገኘኋቸው ስህተቶች እነዚህ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው፣ ፀጉሩን ባዶ እርሳስ ላይ ማሰሬ ነው። እርሳስ ያንሸራትታል። ስለዚህ መንጠቆውን ሞርሳ ላይ ካጠበቅህ በኋላ አንገቱን ከዳር እስከ ዳር በባዶ ክር ሸፍን። እኔ 210 ዴኒየር (የክር ውፍረት መለኪያ ነው) የሆነ ጠፍጣፋ ናይሎን ክር እጠቀማለሁ። በሰም ያልተነከረ ከሆነ ንጹሕ ሰም ላይ ሁለቴ ሳበው፤ ያኔ ክሩ ፀጉሩን ይዞ አይለቅም።

ሁለተኛው ብናኙ ነው። ከጭራው አንድ ቁራጭ ፀጉር ስትቆርጥ፣ ሥሩ ላይ ጥጥ የመሰለ አጭር ለስላሳ ፀጉር አብሮ ይመጣል። ጫፉን ጨብጠህ ሥሩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አበጥረው። ብናኙ ከቀረ ክሩ የሚይዘው እሱን ነው፤ ረጅሙ ፀጉር መሐል ለመሐል ሾልኮ ይወጣል።

ሦስተኛው፣ ሁሉንም ባንዴ ማሰር ነው። ወፍራም እስር ቢጠብቅም የሚጠብቀው ከላይ ብቻ ነው፤ መሐሉ ልል ይቀራል። ትንሽ ትንሽ ቆንጥር። ሁለት ዙር ላላ አድርገህ ጠምጥም፣ ከዚያ ክሩን ወደ ታች ስበህ አጥብቅ። የጭራው ፀጉር፣ በተለይ ወደ ሥሩ ያለው፣ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ሲጠብቅበት ይጨፈለቃል፤ ያ የተጨፈለቀው ቦታ ነው እንደ ጉድጓድ ሆኖ ክሩን የሚይዘው። ጥብቀቱ ክሩ ሊበጠስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ያንን መጠን ጣትህ እንዲያውቀው ሥራ ከመጀመርህ በፊት ሆን ብለህ ሦስት አራት ጊዜ በጥሰው። ሹሩባ የምትሠራ እህት ወይም እናት ካለችህ እጇን ተመልከት፤ ነገሩ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ለአንድ ጂግ ስንት ፀጉር?

ከምታስበው በታች። ባለ አንድ አውንስ ጂግ ላይ እያንዳንዳቸው ሁለት የክብሪት እንጨት የሚያክሉ ስድስት ወይም ሰባት ቁንጥር አንገቱን ዞረው ይበቃሉ። ሲያልቅ ወደ መስኮት ያዙት፤ በፀጉሩ መሐል ብርሃን ካላሳለፈ በዝቷል። ብዙ ፀጉር ጂጉን እንደ ጃንጥላ ይይዘዋል፤ ወደ ታች አይወርድም፣ ጭራውም እንደ መጥረጊያ ደርቆ ይቀራል። እኔ አዲስ የሠራሁትን ሁሉ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሳልጎትት ወደ ወንዝ አልወስድም። ርዝመቱም ከመንጠቆው ጉብጠት ሁለት ጣት ያህል ይለፍ። ከዚያ ከረዘመ ዓሣው ፀጉሩን ብቻ ነክሶ ይሄዳል።

ጫፎቹን በመቀስ አታስተካክሉ፤ እለምናችኋለሁ። የተፈጥሮ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ነው፤ የሚንቀሳቀሰውም እሱ ነው። የሚቆረጠው በእርሳሱ በኩል ያለው ሥሩ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ጭራው ላይ የትኛው ክፍል ይሻላል?

ከጭራው ጫፍ እስከ መሐሉ ያለው። ሥሩ፣ ማለትም ገላው አጠገብ ያለው፣ ይበልጥ ክፍት ስለሆነ ክር ሲጠብቅበት ይበተናል። ለጂግ አንገት ማወፈሪያ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ከአገር ቤት የመጣ የዝንብ ማባረሪያ ጭራ አለ። ከሹሩባ የተረፈ ዊግም አለኝ። ይሆናሉ?

እህቴ፣ ጭራውን ለክብሩ ተዪው። የፈረስ ፀጉር ለስላሳና ወፍራም ስለሆነ ክር ሥር ይንሸራተታል፣ ውሃ ውስጥም አይከፈትም። ሰው ሠራሹ ዊግ ግን ይሠራል! ቀጭኑን መርጠሽ በጣም ጥቂት እሰሪ፤ ርዝመት ሲፈለግ ከአጋዘኑ ይበልጣል። ችግሩ መንጠቆው ላይ እየተጠመጠመ መቋጠሩ ነው፣ በየውርወራው ማበጠር ይፈልጋል። ከሁለቱ ሌላ ረጅም የፍየል ፀጉር ካገኘሽ ከዊጉም እሱ ይበልጣል፤ ልስላሴው ግሩም ነው።

ጥያቄ፦ የሥራ ባልደረባዬ አዳኝ ነው፤ ትኩስ ጭራ ሰጠኝ። ምን ላድርገው?

ዛሬውኑ አጥንቱን አውጣ። ጭራውን በታችኛው በኩል በርዝመቱ ሰንጥቀህ አጥንቱን እየላጥህ አስወጣ፣ ስብና ሥጋ የቀረበትን ፋቅ። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ለብ ባለ ውሃ እጠበው፣ ቆዳውን በኩል ቦራክስ ወይም ጨው በብዛት ነስንስና ካርቶን ላይ ወጥረህ ጥላ ቦታ አድርቀው። ሲደርቅ በሚዘጋ ከረጢት አድርገህ ጥቂት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አቆየው፤ ብል ሌላውን ፀጉርህን ሁሉ እንዳይበላብህ።

ጥያቄ፦ ማቅለምስ?

ፀጉር እንደ ሱፍ ፕሮቲን ነው፤ የሱፍ ቀለምና አቼቶ ይወስዳል። ውሃው ይሙቅ እንጂ አይፍላ፤ ከፈላ ፀጉሩ ይሰባበራል። ቅባቱ አስቀድሞ በሳሙና ካልለቀቀ ቀለሙ ዝንጉርጉር ይሆናል። ለጀማሪ ግን ነጭ ይበቃል። ከነጭ ቀጥሎ ወደ ቢጫ የሚያደላ ደማቅ አረንጓዴ።

ጥያቄ፦ አፓርታማ ነው የምኖረው፣ ሁለት ሕፃናት አሉ። እርሳሱን ምድጃ ላይ ባቀልጥስ?

አይሆንም። በፍጹም። እርሳስ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ አመዱና ብናኙ ምንጣፍ ላይ ያርፋል፣ ከምንጣፉ ወደ ሕፃን እጅ፣ ከእጁ ወደ አፉ። የልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። አንዲት የውሃ ጠብታ የቀለጠ እርሳስ ውስጥ ብትገባም ፈንድቶ ፊት ላይ ይረጫል። የተሠራና የተቀባ የጂግ ራስ ግዛ፤ ደስታው ማሰሩ ላይ ነው። የተገዛውንም ከነካህ በኋላ እጅህን ታጠብ።

ከእርሳስ ጨርሶ መራቅ ካማረህ ክላውዘር የሚባለውን ማባበያ ሞክር። ቦብ ክላውዘር የተባለው የፔንሲልቬንያ ሰው በ1980ዎቹ በሰስኩሃና ወንዝ ለስሞልማውዝ ባስ የሠራው ነው፤ ስሙን ያወጣለት የሜሪላንዱ ዝነኛ ዓሣ አጥማጅ ሌፍቲ ክሬ ነው ይባላል። ሁለት የብረት ዓይን በስምንት ቁጥር ጠምጥመህ መንጠቆው ላይ ታስራለህ፤ ክብደቱን የሚሰጠው እሱ ነው። ዓይኖቹን ከነሐስ የተሠሩ ግዛ። መንጠቆው ውሃ ውስጥ ተገልብጦ ጫፉ ወደ ላይ ስለሚሆን ድንጋይ አይዝም። ከላይ ጥቂት ፀጉር፣ ከታች ጥቂት ፀጉር፣ መሐሉ ላይ ሁለት ሦስት ብልጭልጭ ክር፤ አለቀ። የሌፍቲ ክሬ የራሱ ሥራ የሆነው ዲሲቨር የሚባለው ማባበያም አንገቱ ላይ ባክቴይል አለበት፤ በ1991 በአሜሪካ የ29 ሳንቲም ቴምብር ላይ ታትሟል።

ጥያቄ፦ መጨረሻ ላይ የጥፍር ቀለም ይበቃል?

ይበቃል፣ ሁለት ጊዜ ከተቀባ። ግን ቋጠሮውን አይተካም። ክሩን በራሱ ዙሮች ሥር አሳልፈህ አምስት ስድስት ጊዜ ቋጥር፣ ከዚያ ቀባ። ኢፖክሲ ካለህ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ክብደቱን በምን ልምረጥ?

ወለሉን ከሚነኩት ውስጥ ቀላሉን። ጥልቀት የሌለው ጸጥ ያለ ውሃ ላይ ግማሽ አውንስ፤ ቤይ ብሪጅ (የቼሳፒኩ ድልድይ) ምሰሶዎች ሥር ጅረቱ ሲሮጥ አንድ ተኩል፣ ሁለት። ብዙ ጊዜ የሚነክሱት ሲወርድ ስለሆነ ስትጥሉት ክሩን አታላሉት፤ በጣታችሁ ተከታተሉት። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ከ2019 እስከ 2024 በየዓመቱ የሜሪላንድ የሮክፊሽ ጫጩት ቆጠራ ከአማካይ በታች ነው የወጣው። ከመውጣታችሁ በፊት የዓመቱን የመጠንና የወቅት ደንብ አንብቡ፣ ፈቃድ ይዛችሁ ሂዱ፤ የምትለቁትን በእርጥብ እጅ ይዛችሁ ቶሎ ልቀቁ።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ አገር ቤት እሄዳለሁ፤ ይህን ጂግ ጣና ላይ ብወረውር?

ውሰድ። ከጣና 15 ትልልቅ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች 8ቱ ዓሣ በል ናቸው፤ ነጭ ሩብ አውንስ በቂ ነው። ቆሮሶን ግን በዚህ አትጠብቅ፣ ምግቡ ሌላ ነው። ጫሞ ከወረድህ ለናይል ፐርች ወፍራም ሽቦ ያለው ትልቅ መንጠቆ ያስፈልጋል፤ ቀጭኑን ይዘረጋዋል። በሌላ ጊዜ በክረምት ከሄድህ ደግሞ እንደ ጉማራ ያሉ ወንዞች ጣና የሚገቡበት አፍ ላይ አታጥምድ። ባርበሶቹ ሊራቡ ወደ ወንዝ የሚወጡት ያኔ ነው፤ ቁጥራቸውን ካመናመኑት ነገሮች አንዱም እዚያ አፍ ላይ መረብ መዘርጋቱ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ግራኝ ናት፣ አብራኝ መሥራት ፈለገች። ከምን ትጀምር?

ከሻድ ዳርት አስጀምራት፤ ሻድ ለሚባለው ዓሣ የሚሆን፣ ራሱ ገደድ ተብሎ የተቆረጠ ትንሽ ጂግ ነው፣ አንድ ቁንጥር ፀጉር ብቻ ነው የሚታሰርበት። ተቀብቶ ያለቀለትን ግዛላት። ሞርሳውን አዙረህ የመንጠቆው ዓይን ወደ ግራዋ ይሁን፤ ክሩን በግራ እጇ ትጠምጥም፣ ፀጉሩን በቀኟ ትያዝ። ከማሰሯ በፊት የመንጠቆውን ጥርስ በፒንሳ ተጭነህ አስተኛው፤ ጣቷን ቢወጋትም በቀላሉ ይወጣል። ሚያዝያ ላይ ሻዶቹ ፖቶማክ ወንዝን ሽቅብ ሲወጡ ፍሌቸርስ ኮቭ ይዘሃት ሂድ። ሻድ ይዞ መሄድ አይፈቀድም፣ ይለቀቃል። እሷም ራሷ ባሰረችው ፀጉር ያወጣችውን ራሷ ትልቀቀው።