ገጽ ማባዛት ማደግ መስሎን ነበር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳነብ የራሴን የድሮ መልእክት ያነበብኩ መሰለኝ። ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ናችሁ፤ ድረ ገጻችሁ 40 ያህል ገጾች አሉት፤ ሥራ አስኪያጃችሁ በስድስት ወር ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ገጾች ወጥተው ከጉግል ደንበኛ እንዲጎርፍ ይፈልጋል። አንተም የትኛውን የገጽ ማምረቻ መሣሪያ እንደምትገዛና ምን ዓይነት አማካሪ እንደምትቀጥር ጠይቀሃል። አጭሩ መልሴ ሁለቱንም አሁን አታድርግ ነው። ረጅሙ ይኸውልህ። የገጽ ርዕስ አጻጻፍንና የቁልፍ ቃል ምርጫን የመሳሰለውን ታውቃለህ ብዬ ዘልዬዋለሁ።

1. አዲስ ገጽ ከማሰብህ በፊት ሰርች ኮንሶልን (ጉግል ድረ ገጽህን እንዴት እንደሚያየው የሚያሳይህን የራሱን ነጻ መሣሪያ) ክፈትና ከ40ዎቹ ስንቶቹ በጉግል ማውጫ ውስጥ፣ ማለትም በፍለጋ ለማሳየት በመዘገባቸው ገጾች ውስጥ፣ እንደገቡ ቁጠር። እኛ 52 ገጾች ነበሩን፤ የገቡት 31 ብቻ ነበሩ። የቀሩት ለምን እንደቀሩ ሳንጠይቅ ስድስት ሺህ ልንጨምር ተነሣን። እግረ መንገድህን መረጃውን በየወሩ እያወረድህ ራስህ ዘንድ አስቀምጥ፤ ሰርች ኮንሶል የሚይዘው የ16 ወር ብቻ ነው። እኛ ይህን ያወቅነው ኋላ ከምነግርህ ውድቀት በፊት የነበረውን ለማየት ፈልገን ባዶ ስናገኝ ነው።

2. በአንድ አብነት ብዙ ገጽ ማውጣት በራሱ ጥፋት አይደለም። የተለያዩ ሶፍትዌሮችን እርስ በርስ የሚያገናኘውን ዛፒየርን ተመልከት። ሁለት ሶፍትዌሮችን ማገናኘት ለሚፈልግ ሰው ለየጥንዱ ገጽ አለው። ገጹን የሚሞላው ግን ምርቱ ራሱ ነው፤ ሁለቱ ሶፍትዌሮች በእርግጥ ይገናኛሉ፤ በአንዱ ምን ሲሆን በሌላው ምን ማድረግ እንደሚቻል በዝርዝር ተቀምጧል። እኛ ቅርጹን አየን እንጂ የሚሞላውን አላየንም።

ምርታችን የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር ነው። የቀጠርነው አማካሪ ሰንጠረዥ ዘረጋ፤ በአንድ በኩል 80 የሥራ ዘርፎች፣ በሌላ በኩል 75 የሶፍትዌሩ ተግባራት፣ ሲባዛ 6,000 ገጽ። ደረሰኝ ማዘጋጃ ለፋርማሲ፣ ደረሰኝ ማዘጋጃ ለጥርስ ሐኪም፣ ደረሰኝ ማዘጋጃ ለልብስ ስፌት ቤት። ጽሑፉ አንድ ነው፤ የዘርፉ ስም ብቻ ይቀያየራል። «በፋርማሲውና በጥርስ ሐኪሙ ገጽ መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብዬ በስብሰባ ላይ ጠየቅኩ። «አንተ ፕሮግራመር ነህ፤ ገበያውን ለእኛ ተወው» አለኝ አማካሪው። አለቃዬ ሳቀ። ያንን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አማካሪው ቀጥሎም አንድ ሳይትማፕ (የድረ ገጽን ገጾች አድራሻ ለጉግል የሚዘረዝር ፋይል) 50,000 አድራሻ ስለሚይዝ ገና ብዙ ቦታ እንዳለን በኩራት ነገረን። ቁጥሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ሳይትማፕ የጥቆማ ዝርዝር ነው፤ የተዘረዘረውን ሁሉ ጉግል ይቀበላል ማለት አይደለም።

3. ሦስተኛው ምክሬ ስለ ድረ ገጽ ፍጥነት ሊሆን ነበር፤ ግን ታሪኩን ጀምሬ መተው አልችልም።

ገጾቹን እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ላይ ለቀቅናቸው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግራፉ ሽቅብ ወጣ፤ አማካሪውም በቀስት የተሞላ ሠላሳ ገጽ ሪፖርት ላከልን። ሪፖርቱን ቁጭ ብዬ ሳነብ አንደኛ ወጣንባቸው የተባሉት ቃላት ማንም የማይፈልጋቸው ሆነው አገኘኋቸው። ተወዳዳሪ በሌለበት ሩጫ አንደኛ መውጣት ምን ይጠቅማል? ከዚያም በሰርች ኮንሶል ውስጥ «ተጎብኝቷል፣ ለጊዜው ግን አልተመዘገበም» የሚለው ዝርዝር በየሳምንቱ ማበጥ ጀመረ። የጉግል ጎብኚ፣ ማለትም ገጾችን እየዞረ የሚያነበው ፕሮግራም፣ ገጾቹን መጥቶ አይቷቸዋል፤ አይቶም ትቷቸዋል።

እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ጉግል አዲስ ደንብ አወጣ። በፍለጋ ውጤት ላይ ለመታየት ሲባል ብቻ ለሰው የማይጠቅም ገጽ በገፍ ማምረት በማሽን ቢጻፍም በሰው እጅ ቢጻፍም እንደ ማጭበርበር እንደሚቆጠር አስታወቀ። በዚያው ሰሞን ስድስት ሺዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ጥሩ ገጾቻችንም ወረዱ። የባንክ ሒሳብ ማስታረቅን ደረጃ በደረጃ የሚያስረዳ አንድ አሮጌ ገጽ ነበረን፤ ከሙከራ ተመዝጋቢዎቻችን አብዛኞቹን የሚያመጣው እሱ ነበር፤ ወደ ሦስተኛው የውጤት ገጽ ተንሸራተተ። ምክንያቱ ያ ብቻ ነበር ብዬ አልምልም። ሆኖም ጥፋተኛውን ሌላ ቦታ ለመፈለግ ፊት አልነበረኝም። በዚያ ሳምንት አንዲት የጥርስ ሐኪም ወደ ደንበኛ አገልግሎታችን ደውላ «የጥርስ ክሊኒክ ገብታችሁ የምታውቁ አትመስሉም» ብላ ነበርና።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገርህ፤ እስካሁን አማካሪውን ብቻ ስወቅስ ቆይቻለሁ። ገጾቹን በአስቸኳይ እንድናወጣ ተወሰነ። እኔ በአንድ ምሽት ሁለት ነገር አደረግኩ፤ በየገጾቹ ላይ ጉግልን «አትመዝግበኝ» የሚል የኖኢንዴክስ ምልክት አኖርኩ፤ ለበለጠ ዋስትና ደግሞ አቃፊውን በሙሉ በሮቦትስ ፋይል፣ ማለትም ጎብኚው የት እንዳይገባ በሚነግረው ፋይል፣ ዘጋሁት። ተመልከት እንግዲህ፤ በሩን ስለዘጋሁት ጎብኚው ወደ ገጾቹ መግባት አልቻለም፤ ካልገባ ደግሞ «አትመዝግበኝ» የሚለውን ምልክት አያይም። ማውጫው ውስጥ የነበሩት ገጾች እዚያው ተቀመጡ። ሁለት ወር ሙሉ ቁጥሩ ለምን አልቀነሰም እያልኩ ጉግልን ስረግም ቆየሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት እኔ ነኝ።

መፍትሔው መዝጊያውን ማንሣት ነበር። ከዚያ ፋይዳ የሌላቸው ገጾች 410 የሚል ምላሽ እንዲሰጡ አደረግን፤ ይህም ገጹ ሆን ተብሎ የጠፋ መሆኑን ይናገራል። ሌሎች ድረ ገጾች ሊንክ የሰጧቸውን ጥቂቶቹን ግን በ301 (ወደ ሌላ አድራሻ በቋሚነት በሚመራ ምላሽ) በይዘት ወደሚቀርባቸው ገጽ አዛወርናቸው። ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ አትላክ፤ ጉግል ያንን ብዙውን ጊዜ እንደጠፋ ገጽ ነው የሚቆጥረው። ከ6,000 የተረፉት 210 ናቸው። የማስታረቂያ ገጻችን ወደ ቦታው ለመመለስ ከአንድ ዓመት በላይ ወሰደበት።

በብዛት የሚያድገውን ነገር ያገኘነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ይህን ያለ ሐፍረት የራሴ ሐሳብ ነው እላለሁ። የሶፍትዌራችን የአጠቃቀም መመሪያ በሙሉ ከይለፍ ቃል በስተጀርባ ተቆልፎ ነበር። ከፈትነው። ቀጥሎ ሶፍትዌራችን የሚያወጣቸውን የስሕተት መልእክቶች በሙሉ ሰበሰብን፤ ለእያንዳንዱ መነሻውን፣ መፍትሔውንና መቼ ችላ ማለት እንደሚቻል ጻፍን። ጽሑፉ የሚቀመጠው ከፕሮግራሙ ኮድ ጎን ነው፤ አዲስ የስሕተት መልእክት የጨመረ ፕሮግራመር ማብራሪያውን ካልጻፈ ሥራው አይጸድቅለትም። አዲስ እትም ሲወጣ ገጾቹ አብረው ይታደሳሉ። የደንበኛ አገልግሎት ሠራተኞችም በየሳምንቱ የሚደጋገሙባቸውን ጥያቄዎች ያቀብሉናል፤ ከሌላ ሶፍትዌር ወደ እኛ መረጃ ማዛወርን የሚያስረዱት ገጾች የተወለዱት ከዚያ ነው። እነዚህን የሚፈልግ ሰው ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ግን የሚገዛ ሰው ነው። ስለዚህ ለአለቃዬ የጎብኚ ብዛት ማሳየት ትቼ በየገጹ ስንት ሰው ለሙከራ እንደተመዘገበና ከእነሱ ስንቱ እንደከፈለ ብቻ ማሳየት ጀመርኩ።

የፍጥነቱ ነገር እንዳይረሳ፤ የገጹ ዋና ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ከታየ ጉግል ጥሩ ይለዋል። ያንን ካለፍክ በኋላ ለፍጥነት የሚያስከፍልህን ሰው አሰናብት፤ እኛ በፍጥነት መለኪያው ላይ አረንጓዴ የነበረውን የበለጠ አረንጓዴ ለማድረግ ሳምንታት ከፍለናል። ይልቅ ገጾችህ በጃቫስክሪፕት (በአንባቢው አሳሽ ውስጥ በሚሠራ ኮድ) ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ይዘቱ ከሰርቨሩ ተዘጋጅቶ እንዲመጣ አድርግ፤ ከገጽ ወደ ገጽ የሚወስደውም እውነተኛ ሊንክ ይሁን እንጂ ሲጫኑት ብቻ የሚነቃ አዝራር አይሁን። ከ52 ገጾቻችን 21ዱ የቀሩት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነበር፤ አማካሪውም በዘጠኝ ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አላነሣውም።

አማካሪ መቅጠርህ የግድ ከሆነ የሰርች ኮንሶሉን ባለቤትነት በድርጅታችሁ የጎራ ስም (የድረ ገጻችሁ አድራሻ) መዝገብ በኩል ራሳችሁ አረጋግጡ፤ ለእሱ የተጠቃሚ ፈቃድ ብቻ ስጡት። እኛ በተቃራኒው አድርገን ስንለያይ የገዛ መረጃችንን ለማየት አሥራ ዘጠኝ ቀን ኢሜይል ስንልክ ከረምን፤ በመጨረሻ የመጣው መልስ «ያልተከፈለ ሒሳብ አለባችሁ» የሚል ነበር። አልነበረብንም። አንደኛ አወጣችኋለሁ ብሎ ዋስትና የሚሰጥህንም ተጠንቀቅ፤ ጉግል ራሱ ይህን ዋስትና ማንም ሊሰጥ እንደማይችል በግልጽ ጽፏል፤ ለውጡ እስኪታይም አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ወር እስከ አንድ ዓመት እንደሚወስድ ተናግሯል። የሥራ አስኪያጅህን የስድስት ወር ቀጠሮ ከዚህ ጋር አስተያየው።

ለማንኛውም ከ40ዎቹ ስንቶቹ ማውጫ ውስጥ እንደገቡ ቆጥረህ እዚሁ ጻፍልኝ። የአጠቃቀም መመሪያችሁ ክፍት ነው ወይስ ዝግ የሚለውንም ጨምርልኝ፤ ዝግ ከሆነ ዛሬ ማታ የሚሠራ ሥራ አለህ።