«ቢያንስ» የምትለዋን ቃል አትለፏት

ልጆቼ፣

ጎንደር ውስጥ ሒሳብ ሳስተምር ፀጉሬ ሸብቷል። አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ የቆጠራ ጥያቄ ውስጥ «ቢያንስ» የሚል ቃል ስታዩ ለመደመርም ለማባዛትም አትቸኩሉ።

ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ ይህን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ሠራሁ፦ ከ7 ወንዶችና ከ5 ሴቶች፣ ቢያንስ አንዲት ሴት ያለችበት የ3 ሰው ኮሚቴ በስንት መንገድ ይመረጣል? መጀመሪያ አንዲት ሴት በ5 መንገድ፣ ከዚያ ከቀሩት 11 ሰዎች ሁለቱን በ55 መንገድ፤ ሲባዛ 275። ጠመኔውን ሳላስቀምጥ ከኋላ ወንበር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ወንድ ሴት ሳንል እንኳ ከ12 ሰው 3 የሚመረጠው በ220 መንገድ ነው። እንዴት ከጠቅላላው በለጠ?»

እውነቷን ነበር። ሁለት ሴቶች ያሉበትን ኮሚቴ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ሴቶች ያሉበትን ሦስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። «ቢያንስ አንዲት» ለሚለው ተቃራኒው «አንዲትም የሌለችበት» ነው። ወንዶች ብቻ ያሉባቸው ኮሚቴዎች 35 ናቸው፤ ከ220 ሲቀነሱ 185 ይቀራል። አለቀ። ያቺ ልጅ ያስተማረችኝን እስከ ዛሬ ለተማሪዎቼ ሁሉ እነግራለሁ።

መቀነሱ ቀላል ነው፤ ከባዱ ተቃራኒውን በትክክል መናገር ነው። «ቢያንስ ሁለት ሴቶች» ሲባል ብዙዎቻችሁ 35ን ብቻ ትቀንሳላችሁ። የ«ቢያንስ ሁለት» ተቃራኒ ግን «ከሁለት ያነሰ» ነው፤ አንዲት ሴት ብቻ ያለችባቸው 105 ኮሚቴዎችም መውጣት አለባቸው። ትክክለኛው መልስ 80 ነው። ስለዚህ ቁጥር ከመንካታችሁ በፊት ተቃራኒውን በሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። ጊዜ ያባክናል አትበሉ፤ በፈተና ላይ ነጥብ ሲጠፋ ያየሁት በስሌቱ ሳይሆን በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። «ሦስቱም ሴቶች» ለሚል ጥያቄ ደግሞ ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ በቀጥታ 10 ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። የፋሲል ግቢ አጥር 12 በሮች አሉት። ሦስት ጓደኛሞች ሳይነጋገሩ እያንዳንዳቸው አንድ በር ቢመርጡ፣ ቢያንስ ሁለቱ አንድ በር ላይ የሚገናኙባቸው መንገዶች ስንት ናቸው? ጠቅላላው 12×12×12፣ ማለትም 1728 ነው። ሁሉም የተለያየ በር የሚመርጡባቸው 12×11×10፣ ማለትም 1320 ናቸው። ልዩነቱ 408።

ለአራት ጓደኛሞች ራሳችሁ ሥሩት። 8856 ካልመጣላችሁ፣ ስሌቱን ትታችሁ ተቃራኒውን የጻፋችሁበትን ዓረፍተ ነገር መልሳችሁ አንብቡ።